ቅቤም ቅመምም የሌለው ማዕድ፦ ከአክባር ቤተ መንግሥት እስከ አህመዳባድ ቄራ

ጾም ሲባል ብዙዎቻችን ቶሎ የሚመጣልን የሚቀረው ነገር ነው። ሥጋ ይቀራል፣ ወተት ይቀራል፣ እንቁላል ይቀራል። ከዚያ ግን ሽሮው ዘይቱን ይጠጣል፣ ምስሩ በበርበሬ ይቀላል፣ በየዓይነቱ ተዘርግቶ ሲቀርብ ከፍስኩ የሚበልጥበት ጊዜ አለ። ህንድ ውስጥ ጃይኖች ዘንድ ነገሩ ሌላ ነው። እነሱ ሥጋ፣ ዓሣ፣ እንቁላልና ማር ዕድሜ ልካቸውን አይቀምሱም፤ አጥባቂዎቹማ ከመሬት ተነቅሎ የሚወጣውን ሽንኩርት፣ ነጭ ሽንኩርት፣ ድንችና ካሮት ሳይቀር ትተዋል። እንግዲህ በአዘቦቱ ይህን ሁሉ የተወ ሰው ጾም ሲይዝ ምን ይተዋል? ጣዕምን።

ዛሬ የምጽፍላችሁ ስለዚህ ጾምና ስለ ወጥ ቤቱ ነው። ነገሩ ከማብሰል ይጀምርና ሳይታሰብ ንጉሥ፣ ፋብሪካና ፍርድ ቤት ውስጥ ይገባል። (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው፤ አንድ ቦታ ላይ ብቻ የኛን ተጠቅሜያለሁ።)

ጾሙ አያምቢል ይባላል። ጾመኛው በቀን አንዴ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ፣ አንድ ቦታ ተቀምጦ ይበላል፤ ከተነሣ በቃ። የሚጠጣው ፈልቶ የቀዘቀዘ ውኃ ብቻ ነው፤ እሱንም ከመሸ በኋላ አይነካም። ከማዕዱ ወተት፣ እርጎ፣ ንጥር ቅቤ፣ ዘይት፣ ስኳርና በስብ የተጠበሰ ነገር ሁሉ ይወጣል። በዚህ ላይ ፍራፍሬ የለም፣ ቅጠላ ቅጠል የለም፣ እርድና በርበሬ የለም። የሚቀረው እህልና ጥራጥሬ፣ ውኃና እሳት ነው። የተቀቀለ ሩዝ፣ ዘይት ባልነካው ምጣድ የተጋገረ የስንዴ ቂጣ፣ የማሾ ንፍሮ፣ የሽምብራ መረቅ። ጨው፣ ቁንዶ በርበሬና ደረቅ ዝንጅብል እንደየወጉ ይፈቀዳሉ። ጠበቅ የሚያደርጉት ግን ጨዉንም ይተዉታል።

ቀላል ምግብ ነው ብላችሁ እንዳትንቁት። ለማብሰል አስቸጋሪ የሚያደርገው ቅለቱ ነው። ቁሌት የለም፣ ማጣፈጫ የለም፣ ስህተትን የሚሸፍን ቅመም የለም። ሩዙ ካረረ ያረረ ሩዝ ነው፤ ቂጣው ከደረቀ በቅቤ አይታሽም። እህሉ በጥንቃቄ ይለቀማል፤ ነቀዝ የገባበት እንደሆነ ነፍስ ያለው ነገር ድስት ውስጥ ይገባልና። ውኃው በጨርቅ ተጠልሎ ይፈላል። የፈላው ውኃም ዕድሜ አለው፤ በክረምት ዝናብ ጊዜ 9 ሰዓት፣ በብርድ ወራት 12፣ በበጋ 15 ሰዓት ያህል ይቆያል፣ ከዚያ በኋላ እንደገና ሕይወት ይበቅልበታል ብለው ያምናሉ። በማታ አይበሰልም፤ ብርሃንና እሳት የሚስበው ትንኝና የእሳት እራት እየገባ ይቃጠላልና። ማይክሮስኮፕ ከመሠራቱ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት ሰዎች በዓይን የማይታይ ሕያው ነገር ውኃ ውስጥ አለ ብለው ወጥ ቤታቸውን እንዲህ ማደራጀታቸው ለእኔ ከጾሙ ጥብቀት በላይ የሚገርም ነው።

አያምቢል በማንኛውም ቀን ይያዛል፤ የታወቀው ወቅቱ ግን በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በፀደይና ክረምቱ ሲወጣ፣ ለ9 ቀናት የሚጾመው ኦሊ ነው። በዚያ ጊዜ በአንዳንድ ቤት የማዕዱ ቀለም እንኳ ሥርዓት አለው። በመጀመሪያው ቀን ነጭ፣ ማለትም ሩዝ ብቻ። በሁለተኛው ቀይ፤ ስንዴ። በሦስተኛው ቢጫ፤ ሽምብራ። በአራተኛው አረንጓዴ፤ ማሾ። በአምስተኛው ጥቁር፤ ኡራድ የሚሉት ጥቁር ጥራጥሬ። የቀሩት አራት ቀናት ተመልሰው ነጭ ናቸው። በቀን አንድ እህል፣ ሌላ ምንም። (ማሾን ካነሣን አይቀር፣ የኛ ሰሜን ሸዋና ደቡብ ወሎ ገበሬ ማሾ ያመርታል፤ ከ2006 ዓ.ም. ጀምሮም በኢትዮጵያ ምርት ገበያ ይሸጣል። ህንድ ከገዢዎቹ አንዷ ናት። ለወሎ ገበሬ የጥሬ ገንዘብ ሰብል የሆነው ፍሬ እዚያ ማዶ ለአንድ ሰው የአራተኛው ቀን ማዕድ ሊሆን እንደሚችል ማሰብ ደስ ይላል።)

ከዚህ የሚከብድም አለ። ቫርድማን ታፕ በሚባለው ሥርዓት ሰውየው አንድ ቀን አያምቢል ይይዝና በማግስቱ ምንም ሳይበላ ይውላል፤ ቀጥሎ ሁለት ቀን አያምቢል ይዞ አንድ ቀን ምንም፤ ቀጥሎ ሦስት... እንዲህ እያለ እስከ 100 ይወጣል። ሒሳቡ ሲደመር 5,050 የአያምቢል ቀንና 100 የባዶ ሆድ ቀን ነው። ሳያቋርጥ የያዘው ሰው ለመጨረስ ከ14 ዓመት በላይ ይፈጅበታል። አብዛኛው ሰው በየመሀሉ እያረፈ ዕድሜውን ሙሉ ይዞት ይኖራል።

ይህ ሁሉ ከየት መጣ? ጃይኖች የመጨረሻው ታላቅ መምህር የሚሉት ማሃቪራ ከክርስቶስ ልደት በፊት በስድስተኛውና በአምስተኛው መቶ ዓመት ገደማ፣ ከቡድሃ ጋር በተቀራረበ ዘመን የኖረ ሰው ነው። አቻራንጋ ሱትራ የተባለው ጥንታዊ መጽሐፋቸው በሸካራ ምግብ፣ በሩዝ፣ በተወቀጠ የቁርቁራ ፍሬና በጥራጥሬ እንደኖረ ይናገራል። ቡድሃ ሰውነትን ማስጨነቅ መንገድ አይሆንም ብሎ መካከለኛውን ሲመርጥ፣ የማሃቪራ ተከታዮች ጭንቀቱን በሥርዓት አስቀመጡት። ታትቫርታ ሱትራ የሚባለው መጽሐፍ ስድስት ዓይነት ውጫዊ ተጋድሎ ይቆጥራል፤ ከስድስቱ አራቱ ስለ መብል ናቸው። አለመብላት፣ ከጥጋብ በታች መብላት፣ የሚበሉትን ነገር መወሰን፣ አራተኛው ደግሞ ጣዕምን መተው። አያምቢል የዚህ የአራተኛው ልጅ ነው።

ሕዝቡ ግን መጽሐፍ ከመቁጠር ይልቅ ተረኩን ይወዳል። ማሃቪራ በልቡ ስእለት ይዞ 5 ወር ከ25 ቀን ሳይበላ ዞረ ይባላል። ስእለቱን ለማንም አልተናገረም፦ ምግብ የምትሰጠኝ የንጉሥ ልጅ ሆና ባሪያ የሆነች፣ ፀጉሯ የተላጨ፣ እግር ብረት የገባች፣ አንድ እግሯ ከደፍ ውጭ አንዱ ከደፍ ውስጥ የሆነ፣ ሰፌድ ላይ የኡራድ ንፍሮ የያዘች፣ የምታለቅስ ሴት ትሁን። ካውሻምቢ በተባለች ከተማ ቻንዳና የምትባል ምርኮኛ ልጅ፣ እመቤቷ በቅናት አስራ ሦስት ቀን ስትቆልፍባት፣ ጌታዋ ደርሶ ቤት ውስጥ ያገኘውን ንፍሮ በሰፌድ ሰጥቷት ቀጥቃጭ ሊጠራ ወጣ። ማሃቪራ በዚያች ሰዓት መጣ። አየ፣ ሁሉም ተሟልቷል፣ እንባ ብቻ የለም። ዞሮ ሄደ። ልጅቷ ትቶኝ ሄደ ብላ አለቀሰች፤ ያኔ ተመለሰና ንፍሮውን ተቀበለ። ቻንዳና ኋላ የመነኮሳይያቱ ሁሉ አለቃ ሆነች። ተረክ ነው፤ ነገር ግን የጃይን ወጥ ቤት ንፍሮን ለምን ከቅቤ በላይ እንደሚያከብር ከዚህ የተሻለ የሚያስረዳ አላውቅም።

ሌላው የሺሪፓልና የማያና ታሪክ ነው። የኡጃይን ንጉሥ የተቆጣት ልጁን ለሥጋ ደዌ በሽተኛ ይድርባታል። እሷም ከባሏ ጋር ለ9 ቀናት አያምቢል ይዛ ትጸልያለች፤ ባሏም አብረውት የነበሩት 700 ሕሙማንም ይድናሉ። ይህን ታሪክ ቪናያቪጃያ የተባለ መነኩሴ በ17ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሱራት አጠገብ ራንዴር በምትባል ከተማ በጉጃራትኛ መዝሙር መጻፍ ጀመረ፤ ሳይጨርሰው ሞተና ወዳጁ ያሾቪጃያ ጨረሰው። እስከ ዛሬ በኦሊ ቀናት ይነበባል። ድዋርካ ስለምትባለው ከተማም እንዲሁ ይተርካሉ፦ እርግማን የወደቀባት ከተማ ሰዎቿ አያምቢል እስከያዙ ድረስ 12 ዓመት ሳትነካ ቆየች፤ አሁንስ አለፈልን ብለው ወደ ፈንጠዝያ ሲመለሱ ተቃጠለች።

እነዚህ ተረቶች ተራ ምግብን የጋራ ጉዳይ አድርገውታል። ለዚህም ነው የጃይን ማኅበረሰብ ባለበት ከተማ የአያምቢል አዳራሽ የሚሠራው። አንዱ እህል ይለግሳል፣ ሌላው የማገዶና የአብሳይ ወጪ ይችላል፣ ጾመኛው መጥቶ በልቶ ይሄዳል። ለጾመኛ ማብላት ራሱ እንደ ጾም ይቆጠራል። ምክንያቱ ለባለሙያ ግልጽ ነው፦ አንድ ሰው ብቻ አያምቢል ለያዘበት ቤት ለየት ያለ ድስት፣ ዘይት ያልነካው ምጣድ፣ ለብቻ የሚፈላ ውኃ ማዘጋጀት አድካሚ ነው። አዳራሹ ያንን ሸክም ይወስዳል። እርግጥ አዳራሹም ፈተና አለበት። አብሳዮቹ ጎበዞች ሆነው ዘይት የሌለው ዶሳ፣ ኢድሊ፣ ዶክላ እያሉ ማዕዱን አበዙት፤ ጣዕምን ለመተው የተፈጠረ ጾም በጓሮ በር ጣዕም አስገባ የሚሉ መነኮሳት አሉ። ይህ ክርክር ለኛም አዲስ አይደለም፤ የጾም ክሬም ኬክ የምንበላ ሰዎች ነን።

ይህ ማኅበረሰብ ወደ ምሥራቅ አፍሪካም መጥቷል። ከጉጃራት ጃምናጋር አካባቢ የተነሡ ኦሽዋል የሚባሉ ጃይኖች ከ19ኛው መቶ ዓመት መገባደጃ ጀምሮ ኬንያ ሰፍረዋል፤ ናይሮቢና ሞምባሳ ቤተ መቅደሳቸው አለ።

አሁን ወደ ንጉሡ እንሂድ። በ1582 የሙጋሉ ንጉሥ አክባር ፋቴህፑር ሲክሪ በተባለች ከተማው ተቀምጦ ሳለ ከመንገድ የሰልፍ ጩኸት ይሰማል። የጃይን ጸሐፍት እንደሚተርኩት ሰልፉ ቻምፓ ለምትባል ሴት ክብር ነበር፤ ስድስት ወር የፈላ ውኃ ብቻ፣ እሱንም በቀን ብቻ እየጠጣች ጾማለች። አክባር አላመነም። አስጠራት፣ ሰው መድቦ አስጠበቃት፣ ማታለል አላገኘባትም። ኃይልሽ ከየት ነው ሲላት የመምህሯን የሂራቪጃያ ሱሪን ስም ጠራች። ንጉሡ ጉጃራት ላለው ሹሙ ጻፈ። መነኩሴው የቀረበለትን ፈረስና ዝሆን እምቢ ብሎ፣ ከጋንዳር ወደብ ተነሥቶ በባዶ እግሩ እየተጓዘ በ1583 ደረሰ። ከውይይቱ በኋላ አክባር በጃይኖች ታላቅ የጾም ሰሞን፣ በፓርዩሻን፣ እንስሳት እንዳይታረዱ ትእዛዝ አወጣ፤ ቀኑም 12 እንደነበር ይነገራል። የታሰሩ ወፎች ተለቀቁ፤ መነኩሴው የዓለም መምህር የሚል ማዕረግ አገኘ። ይህ የጃይኖች ውዳሴ ብቻ አይደለም። የአክባር ዜና መዋዕል ጸሐፊ አቡል ፋዝል የዘመኑን ሊቃውንት ሲዘረዝር ሂራቪጃያን ከመጀመሪያው ማዕረግ አስገብቶታል። ንጉሡን የማይወደው ባዳኦኒም በተወሰኑ ቀናት እርድ መከልከሉን እያማረረ ጽፏል።

አንድ ነገር ልብ በሉ። ታሪኩን ያስነሣችው ቻምፓ ናት፤ ከዚያ በኋላ ግን ከመዝገቡ ትጠፋለች። ማዕረጉ ለመነኩሴው፣ ትእዛዙ ለንጉሡ። እስከ ዛሬም ረጅሙን ጾም በብዛት የሚይዙት ሴቶች ናቸው፤ ስለ ጾም የሚጽፉትና የሚፈርዱት ወንዶች። በ2016 ሃይደራባድ ውስጥ አንዲት የ13 ዓመት ልጅ ለ68 ቀናት ጾማ፣ ጾሙን በፈታች በሁለተኛው ቀን ሞተች። ፖሊስ በወላጆቿ ላይ ክስ መዘገበ፤ ቤተሰቡ በፈቃዷ ነው አለ። የቻምፓ ሰልፍና የዚህች ልጅ ቀብር በ400 ዓመት ይራራቃሉ፤ ሆኖም ያንን ዓይነት ሰልፍ እያየች ያደገች ልጅ ምን ትመኛለች ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። በኔ እምነት አያምቢል ከዚህ ጋር አንድ ላይ መጨፍለቅ የለበትም። አያምቢል ሰው ሥራውን እየሠራ፣ በቀን አንዴ ሩዝና ማሾ እየበላ የሚይዘው ጾም ነው። ሰልፍ የሚወጣለት ግን ሌላው ነው።

የአክባር ልጅ ጃሃንጊርም በ1610 የእርድ ክልከላውን አደሰ፤ የቤተ መንግሥቱ ሠዓሊ ሻሊቫሃና ያንን በሥዕል አስቀርቶታል። ይኸው ጃሃንጊር ግን ስምንት ዓመት ቆይቶ በጃይን መነኮሳት ተቆጥቶ ከግዛቱ እንዲባረሩ አዘዘ። የንጉሥ ቸርነት እንዲህ ነው፤ ሲሰጥም ሲነሣም አያማክርም።

ጾም ከወጥ ቤት ወጥቶ ኃይል ሲሆን ደግሞ ጋንዲን እናገኛለን። ጋንዲ ጃይን አልነበረም፤ የተወለደበት ካቲያዋር ግን በጃይን ወግ የተሞላ ነው፤ በ1888 ወደ ለንደን ሲሄድ ሥጋ ላለመብላት ያስማለውም የጃይን መነኩሴ ነበር። እናቱ ፑትሊባይ በክረምት ወራት ፀሐይን ካላየች እህል አልቀምስም ብላ ትሳል እንደነበር በግለ ታሪኩ ጽፏል። ልጆቹ ደጅ ቆመው ሰማዩን ይጠብቃሉ፤ ፀሐይ ብቅ ስትል ጮኸው ይጠሯታል፤ እስክትወጣ ደመናው ይመልሳታል፤ እናት ሳትከፋ ወደ ሥራዋ ትገባለች። ይህ ጾም ማንንም አላስገደደም። መጋቢት 1918 አህመዳባድ የጨርቃ ጨርቅ ሠራተኞች ደመወዛችን በ35 በመቶ ይጨመር ብለው ሥራ ሲያቆሙና እየተዳከሙ ሲመጡ፣ ጋንዲ ህንድ ውስጥ የመጀመሪያውን የአደባባይ ጾም ጀመረ። በፋብሪካ ባለቤቶቹ ራስ ላይ የነበረው የጃይን ቤተሰብ ልጅ የሆነው ወዳጁ አምባላል ሳራባይ ነው፤ ከሠራተኞቹ ጎን ደግሞ የሳራባይ እህት አናሱያ ቆማለች። በሦስተኛው ቀን ባለቤቶቹ ለሽምግልና ተስማሙ። ጋንዲ ራሱ ኋላ ያ ጾም እንከን ነበረበት ብሎ ጽፏል፤ ለሠራተኞቹ የታሰበው ጾም ወዳጆቹን አስጨንቋልና። ጾምን የሚያከብር ሰው ፊት መጾም ክንድ እንደመጠምዘዝ ነው፤ ይህን ከአህመዳባድ ጃይን በላይ የሚያውቅ አልነበረም።

በዚያችው አህመዳባድ ማዘጋጃ ቤቱ በፓርዩሻን ወቅት ቄራዎቹን ለ9 ቀናት ይዘጋ ነበር። ሥጋ ነጋዴዎች ከሰሱ፤ የጉጃራት ከፍተኛ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ጉዳዩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደረሰና መጋቢት 14 ቀን 2008 ውሳኔው ተገለበጠ። ዳኛ ማርካንዴይ ካትጁ 9 ቀን አጭር ጊዜ ነው፣ የሌላውን ስሜት ማክበር ይገባል ብለው ጻፉ፤ አክባርንም ጠቀሱ፤ ያ ንጉሥ ሥጋ የማይበሉ ዜጎቹንና የሂንዱ ሚስቱን አክብሮ በሳምንት የተወሰኑ ቀናት ሥጋ ይተው ነበር ሲሉ። እኔን እዚህ ላይ አንድ ነገር ይቆረቁረኛል። አክባር ከራሱ ማዕድ ሥጋ ማንሣቱ አንድ ነገር ነው፣ የሌላውን ቢላዋ ማስቀመጡ ሌላ። ፍርዱ ፊተኛውን ጠቅሶ ሁለተኛውን አጸደቀ። የ9 ቀን ገቢውን የሚያጣው ደግሞ የቀን ሠራተኛው አራጅ ነው፤ በአህመዳባድ ያ ሰው ብዙውን ጊዜ ሙስሊም ነው። ጃይኖች በ2011 ቆጠራ መላው ህንድ ውስጥ 4.5 ሚሊዮን ገደማ ናቸው፣ ከመቶ ግማሽ አይሞሉም፤ ስለዚህ አናሳ ሆነው መጠበቅ የሚገባቸው እነሱም ናቸው። አንዱን አናሳ ለመጠበቅ ሌላውን አናሳ ማስከፈል ግን ቀላል ሒሳብ አይደለም። አዲስ አበባ በሁዳዴ የክርስቲያን ልኳንዳ ቤቶች የሚዘጉት ገዢ ስለሌላቸው ነው፤ የሙስሊሙን ግን ማንም ዝጋ አይለውም። ልዩነቱ ይኸው ነው።

በመስከረም 2015 ሙምባይ ተራዋን አገኘች። ለጥቂት ቀናት የሥጋ ሽያጭ ሲከለከል የከተማዋ የማራታ ፓርቲዎች አደባባይ ወጥተው ተቃወሙ፤ ጉዳዩ የጾም መሆኑ ቀርቶ ከተማዋ የማን ናት የሚል ጠብ ሆነ። የቦምቤይ ከፍተኛ ፍርድ ቤት ሥጋ ተከልክሎ ዓሣ ለምን ተፈቀደ ብሎ ሲጠይቅ፣ የመንግሥት ጠበቃ ዓሣ ከውኃ እንደወጣ ይሞታል፣ ስለዚህ እርድ የለበትም ብሎ መለሰ። ለውኃ ነፍሳት ብለው ውኃ ለሚያፈሉ ሰዎች ስም የቀረበ መከራከሪያ ይህ ነበር! ፍርድ ቤቱ የሽያጭ ክልከላውን አገደ። አንድ የጃይን ማኅበር ወደ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ሄደ፤ ዳኞቹ ርኅራኄ በክልከላ ጉሮሮ ውስጥ አይጠቀጠቅም በሚል መንፈስ ጣልቃ ለመግባት እምቢ አሉ። የ2008ቱ ፍርድ ግን አልተሻረም። ስለዚህ 500 ኪሎ ሜትር ገደማ በሚራራቁት በሁለቱ ከተሞች ፓርዩሻን በመጣ ቁጥር የአራጁ ዕድል የሚወሰነው በየትኛው ከተማ እንደሚኖር ነው፤ አያምቢል የያዘው ሰው ግን በሁለቱም ከተማ ያው ሩዙንና ማሾውን ይበላል።